እማዬ በመዝሙሩ ውስጥ የቱ ጋ ናት?

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለእታለም ፉዋቲኖ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም በመጦሪያው አዛውንቶቹን ስታነሺና ስታስተኚ ነው የምትውይው? ብሪዝበን በዚህ ወር ብርዱ አጥንት ይሰብራል ሲሉ ሰምቼ አንቺን አንቺን እያልኩ ነው የሰነበትኩት። ባለቤትሽ ሴሚሲ እንዴት ነው? ታሊያ በትምህርቷ በርትታለች? ትንሹ ፔኒ ደግሞ ጥርስ አበቀለ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናንተ ናፍቆት ብቻ ነው ያስቸገረን። ባለቤቴ ሜሪታና ልጆቹ ደህና ናቸው። ከቤቱ ጀርባ ያለው የዳቦ ዛፍ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር አፍርቶ ጎረቤቱን ሁሉ አጥግቧል። እማዬም ደህና ናት። ደህና ናት ስልሽ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ጤናዋ ሙሉ ነው፤ ይህንንም አጥብቄ የምጽፍልሽ ምክንያት ስላለኝ ነው።

የኢዮቤልዩው መዝሙር ከአፒያ በራዲዮ የተለቀቀ ጊዜ ደውለሽ፣ “እዚህ ያለው ምዕመን ሁሉ በስልክ እየተቀባበለ ሰምቶት አለቀሰ፤ እኔ ግን እማዬን ብፈልጋት ብፈልጋት አጣኋት፤ ያን ቀን ታማ ነበር እንዴ?” ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ “አዎ፣ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር” አልኩሽ። አንቺም አምነሽ ዝንጅብል በማር አፍላላት አልሽኝ። እታለም፣ እማዬ አልታመመችም። እንዲያውም እንደዚያ ቀን ዘምራ አታውቅም። ያጠፋኋት እኔ ነኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ እማዬ ምንጣፏን የምትሠራው ስልኩ ካለበት እልፍ ሳትል ነው፤ እሷ ባትኖርም አፌ ይተሳሰራል። የአክስታችን ልጅ ፋአሜሌ ለበዓሉ መጥታ አሁን ወደ እናንተ ስለምትመለስ ይህን ወረቀት ከአንድ ፍላሽ ጋር በእጇ ሰድጄልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ቤተ ክርስቲያናችን መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል ፓስተር ኤቴዋቲ የመዘምራኑ ድምፅ ተቀድቶ ይቀመጥ አሉ። ሥራውም ለእኔ ተሰጠ። ወደቡ አጠገብ ባለችው ክፍሌ፣ ግድግዳዋን በአሮጌ ፍራሽ በሸፈንኳት፣ እየተጋፉ ገቡልኝ። መዘምራኑን በሁለት ማይክ፣ እማዬንና ሌውቱን ግን ለየብቻ በራሳቸው ማይክ ቀዳኋቸው። ሌውቱን አታውቂያትም፤ የፓስተሩ የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ከኦክላንድ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው። ድምፅዋ ከድንጋይ ሥር እንደሚወጣ ውኃ የጠራ ነው። እማዬ ያው እንደምታውቂው መዝሙሩን የምታነሣው እሷ ናት፤ የመጀመሪያዋን ስንኝ ብቻዋን ስታወጣ ሌላው ይከተላታል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው እማዬ፣ “አንቺ ልጅ፣ ቁርስ አልበላሽም እንዴ? ከሆድሽ አውጪው እንጂ!” ስትላት፣ ሌውቱ፣ “እማማ ሲዬኒ፣ ከሆዴ ካወጣሁትማ አጎቴ ልጅቷ አሳማ ውጣለች ብሎ ወደ ኦክላንድ ይመልሰኛል” ብላ መዘምራኑን በሳቅ ገደለቻቸው። ያንን ሳቅ እንኳ ሳላጠፋ አስቀምጬዋለሁ።

ያን ቀን ኪቦርዱን የተጫወትኩት እኔ ነኝ። አንቺ የላክሽልኝን፣ አዲሱን። ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ አሜኑ ድረስ እጄን ከላዩ አላነሣሁም።

ስለ ሥራዬ በጠየቅሽኝ ቁጥር “ቁልፍ ማዞር ነው” እያልኩ ስቀልድብሽ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ግን ሳታውቂው በደሌን አታውቂውምና ልንገርሽ። ማንኛውም ድምፅ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ የራሱ መቀመጫ አለው። ከበሮውና ቤዙ ከታች፣ የሰው ልጅ ንግግር ከመካከል፣ ትንፋሹና ፉጨቱ ከላይ። ኢኳላይዘር የምንለው እያንዳንዱን መቀመጫ ለይቶ አንዱን ዝቅ፣ አንዱን ከፍ ማድረጊያ ነው። የዘማሪ ድምፅ ጎልቶ እንዲወጣ ስትፈልጊ መጀመሪያ ከሥሩ ያለውን ጉርምርምታ፣ የነፋሱንና የእግር ኮቴውን ትቆርጪለታለሽ። ቀጥሎ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ የሚያስመስለውን ትቀንሺለታለሽ። ከዚያ ቃሉ ጥርት ብሎ የሚሰማበትን ቦታ ለክተሽ ትንሽ ከፍ ታደርጊዋለሽ። ይህ ሁሉ ግን ከንቱ ድካም ነው፣ በዚያው መቀመጫ ላይ ሌላ ድምፅ ተደላድሎ ከተቀመጠ። የዚያን ጊዜ አንዱ ገለል ማለት አለበት። ማን ገለል ይበል የሚለውን የሚወስነው መሣሪያው ሳይሆን እዚያ የተቀመጠው ሰው ነው።

ሁሉንም አንድ ላይ ሳሰማ ቃሉ አልወጣም። ፓስተሩና የመዘምራኑ መሪ ታኒዬሉ ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር። ፓስተሩ፣ “ላፋኤሌ፣ የልጅቷ ቃል አይሰማም፤ የሆነ ነገር ሸፍኗታል” አሉ። ታኒዬሉ አንገቱን እያከከ፣ “እኔ ምለው፣ ይሄ ኪቦርድ ትንሽ አልበዛም?” አለ። እንዳልሰማ ሆንኩ። እታለም፣ ሰምቼዋለሁ። እሱ ሳይናገርም አውቄው ነበር፤ የቃሉን ቦታ ከዳር እስከ ዳር የያዘው የእኔው ኪቦርድ እንደሆነ የዚህ ሥራ ጀማሪም አይስተውም።

እኔ ግን የእማዬን ድምፅ ለብቻው ከፈትኩት። አንድ ድምፅ ከጓደኞቹ ለይተሽ ስትሰሚው ራቁቱን ነው። ከፍ ስትል ይሰነጠቃል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ጫፉ ላይ ይሻክራል። በእነዚያ ሰዎች ፊት የገዛ እናቴን ድምፅ አፈርኩበት። ፓስተሩ በደግነት፣ “እናትህ እኮ ጎበዝ ነበረች” አሉኝ። “ነበረች” ያሏት ነገር አንገቴን አስደፋችኝና እጄ ሄደ። ድምፅዋን ዝቅ አላደረግኩትም፤ ዝቅ ባደርገው ሰው ያውቅብኛል። ቃሉ የሚሰማበትን መካከሉን ነው የጎረድኩባት። ስሟ ማሽኑ ላይ ተጽፏል፣ ስትዘምር መብራቷ ይበራል፣ ቢጠይቁኝ ይኸው አለች ማለት እችላለሁ፤ እሷ ግን የለችም። ሌውቱ ወዲያው ብቅ አለች። ፓስተሩ ጉልበታቸውን መትተው፣ “ይኸው! አሁን መልአክ ወረደ!” አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ። ራዲዮው ደጋግሞ አሰማው፣ የአውቶቡስ ሾፌሮች ከፈቱት፣ ገበያ ስወጣ የማላውቃቸው ሰዎች እጄን ይጨብጡኝ ጀመር። የማታውቂው የእሑዱን ምሳ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን የተቀቀለው ታሮና በኮኮናት ወተት የበሰለው ቅጠል፣ ፓሉሳሚው፣ ቀርቦ ሳለ ልጄ በስልኳ ከፈተችው። እማዬ የያዘችውን ዓሣ መልሳ አስቀመጠች። ባርኔጣዋን አውልቃ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማች። ሲያልቅ “ድገሚው” አለቻት። ሁለተኛ ሰማችና ወደኔ ዞራ፣ “እኔ የቱ ጋ ነኝ?” አለችኝ።

“አለሽ እኮ፣ እማዬ” አልኳት። “ከሥር ሆነሽ ሁሉንም ተሸክመሻቸዋል። መሠረት አይታይም።”

“መሠረት?” አለች። ደጃፋችን ላይ ያለውን የአባታችንን መቃብር በእጇ አሳየችኝ። “መሬት ውስጥ የምገባበት ጊዜ ይመጣል፣ ልጄ። ምን አስቸኮለህ?”

ከዚያ ለሜሪታ ፓሉሳሚው ጨው አንሶታል አለቻት። በሚቀጥለው ልምምድ “ምንጣፌን ልጨርስ” ብላ ቀረች። እሑድ ነጭ ልብሷን ለብሳ ሄደች፤ ግን ከመዘምራኑ ወንበር አልፋ አዛውንቶቹ ጋ ተቀመጠች። አፏን ገጥማ ማራገቢያዋን ብቻ ታወዛውዛለች። ታኒዬሉ እቤት ድረስ መጥቶ፣ “እማማ ሲዬኒ፣ ያለ እርስዎ መነሻው ጠፍቶብናል፤ ሴቶቹ እርስ በርስ እየተያዩ ነው የሚጀምሩት” ብሎ ቢለምናት፣ “ልጄን ጠይቀው፤ የት እንዳስቀመጠኝ እሱ ያውቃል” አለችው። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የኮኮናት ፍሬ እልጥ ነበር። ታኒዬሉ አየኝና ፊቱን አዞረ። ያቺን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የደወልሽው በዚያው ሳምንት ነው። ለአንቺ ዋሽቼ ስልኩን ስዘጋ፣ ከባሕር ማዶ ሆነሽ የእናትሽን ድምፅ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ስትፈልጊ ታየሽኝ። በማግስቱ ጠዋት ክፍሌን ዘግቼ ሥራውን ከፈትኩት። መጀመሪያ ያደረግኩትን ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ። የጎረድኩባትን መለስኩላት፤ እሱ አልበቃኝ ብሎ ከፍ አደረግኳት፣ አሁንም ከፍ። ከዚያ ሮጬ ጠራኋት። ግቢውን ትጠርግ ነበርና መጥረጊያዋን እንደያዘች መጥታ በሩ ላይ ቆማ ሰማች።

“አሁን ደግሞ ልጅቷን የት ከተትካት?” አለችኝ።

“እማዬ፣ ለአንቺ ብዬ...”

“ለኔ ብለህ? አንተ ልጅ፣ አንድ ሰው ካልቀበርክ ሥራ አይሆንልህም?” አለችና መጥረጊያዋን አንሥታ ወጣች። ምነው በዚያ መጥረጊያ በገረፈችኝ! ልጆች ሳለን እንደምታደርገው።

ብቻዬን ቀረሁ፤ የማደርገው ሲጠፋኝ ያንን ኪቦርድ ዘጋሁት። እታለም፣ ሁለቱም ቆመው ነበር። እማዬና ሌውቱ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ቃላቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። አንዷም ሌላዋን አልሸፈነቻትም። ልጅቷ ከፍ የምትለው የእማዬን ድምፅ ተደግፋ ኖሯል፤ እማዬ በምትሰነጠቅበት ቦታ ልጅቷ ትቀበላታለች። እኔ ነበርኩ በሁለቱ ላይ የተቀመጥኩት።

ለምን እንዳደረግኩት ራሴን ስጠይቅ መልሱ አንቺው ነሽ፤ አትቀየሚኝ። ያ ኪቦርድ ከአንቺ ዘንድ የመጣ ነው። መዝሙሩ ብሪዝበን ሲደርስ “ላፋኤሌ እንዴት ተጫወተው!” እንድትዪ ፈልጌ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አይደል የሚባለው? እኔ እንድታደንቂኝ ጣቴን ሳሯሩጥ፣ አንቺ ጆሮሽን ሰጥተሽ እናትሽን ትፈልጊ ነበር። ስለ ኪቦርዱ አንድም ቃል አላነሣሽልኝም። ስልኩ ላይ ሆኜ እንድታነሺው ጠብቄ ነበር፤ ይህንንም ልደብቅሽ አልፈልግም።

ከዚያ ኪቦርዱን ከመካከሉ ቆረጥኩት፤ በብዙው ቦታም ጨርሼ አወጣሁት። የእማዬን ድምፅ ከነስንጥቁ ተውኩት። ይዤው ወደ ፓስተሩ ቤት ሄድኩ። ሌውቱ ኮኮውን፣ ትኩሱን የካካዎ መጠጥ፣ ቀድታልን ልትወጣ ስትል ከፈትኩት፤ በሩ ላይ ቆመች። ፓስተሩ እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ “ሕዝቡ የፊተኛውን ለምዶታል። ተወው፣ ልጄ። ልዩነቱን ማን ይሰማዋል?” አሉኝ። “እህቴ ሰምታዋለች” አልኳቸው። “ባሕር ማዶ ሆና ሰምታዋለች።” ከዚያ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ፓስተሩም፣ “እኔም ‘ነበረች’ ማለት አልነበረብኝም” አሉ። ሌውቱ ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ “እኔ እኮ ያኔ ሳዳምጠው ለምን ብቻዬን የቆምኩ እንደመሰለኝ ግራ ገብቶኝ ነበር” አለች። እኔን ግን አላየችኝም። እስከ ዛሬም ደፍራ አታየኝም።

ያለፈው እሑድ በዓሉ ተከበረ። ከኡፖሉ ደሴት በጀልባ የመጣው እንግዳ ብዛት! ከኦክላንድና ከሲድኒ የመጡትም ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሰው በመስኮት ይሰማ ነበር። እማዬ አዛውንቶቹ ጋ ነች። መዝሙሩ ሊጀመር ታኒዬሉ እጁን ሲያነሣ ሌውቱ ከመዘምራኑ መካከል ተነሥታ መተላለፊያውን አቋርጣ ሄዳ እማዬ አጠገብ ቁጭ አለች። የፓስተሩ ባለቤት ባርኔጣቸው እስኪዘም ድረስ ዞሩ። ሜሪታ ከእማዬና ከሌውቱ ኋላ ስለነበረች የተባባሉትን ሁሉ ሰምታለች። እማዬ ፊቷን ሳታዞር፣ “ቦታሽ እዚያ ነው፤ ሂጂ” አለቻት።

“መነሻውን የሚያነሡልኝ እዚህ ነው ያሉት” አለች ሌውቱ። “ካላነሡልኝ እኔም ዝም እላለሁ። መቶ ዓመት የሞላው ቤተ ክርስቲያን ዝም ብሎ ይዋል፤ ምን ቸገረኝ!”

“ጥጋበኛ!” አለች እማዬ።

ታኒዬሉ እጁ አየር ላይ ቀርቷል። ሰው ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል። የሕፃን ሳል እንኳ ይሰማል። እማዬ ማራገቢያዋን ጭኗ ላይ አኖረችና መዝሙሩን አነሣችው። ያቺው የምታውቂያት፣ እኔና አንቺን ከእንቅልፍ የምትቀሰቅስ ድምፅ፣ ትንሽ ሻክራ። ሌውቱ ተቀበለቻት፤ ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ወንዶቹ ከሥር፣ እንደ ማዕበል። እኔ የመጀመሪያዋን ኖታ እንኳ አልመታሁም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። የጎደለ ነገር አልነበረም፤ ማንም ወደ ኪቦርዱ አላየም።

ታዲያ ነገሩ በዚያ አለቀ ብዬ ነበር። ሰኞ ዕለት ምንጣፏን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ፣ “እማዬ፣ ብቻሽን ልቅዳሽ። ያለ ኪቦርድ፣ ያለ ምንም። አንድም ነገር አልነካውም። ለፉዋቲኖ ልላክላት” አልኳት። የምንጣፉን ቅጠል በጥርሷ ሰነጠቀችና፣ “አይሆንም” አለችኝ። “ድምፄን ካንተ ዘንድ አላስቀምጥም።” ተቆጥታ አይደለም፤ ቁጣማ ቢሆን ያልፋል። ለጎረቤት ዕቃ ላለማዋስ እንደምትናገረው አድርጋ ነው የተናገረችው። ቀጥላ፣ “ለፉዋቲኖ ራሴ ይዤላት እሄዳለሁ” አለች።

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ግን ከዚያ ወዲህ ፋአሜሌን ስለ ብሪዝበን ብርድ ስትጠይቃት ነው የምትውለው። አባታችን የተወውን ሻንጣ አውጥታ ፀሐይ ላይ አድርጋዋለች። ምንጣፉም ለካ ለአንቺ ቤት ኖሯል። ለእህቱ ክብር የማይሰጥ ወንድም ሰው አይደለም ሲባል ያደግን ነን፤ እኔ አንቺንም እሷንም በአንድ ቀን በደልኩ። አማልጂኝ አልልሽም። ብታማልጂኝም ለአንቺ ስትል ይቅር ትለኝና ለእኔ ሳትለኝ ትቀራለች። አንቺ የምታደርጊው እሷን የምታመጫበትን መላ ከሴሚሲ ጋር መምከር ብቻ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን እኔ እችለዋለሁ። ፍላሹ ላይ ያለው አዲሱ ነው። እማዬ በግራ ጆሮሽ በኩል ናት። ምዕመኑን ሰብስበሽ አሰሚያቸው፤ ያን ቀን ጉንፋን እንዳልያዛትም ንገሪያቸው።

ስትመጣልሽ አውሮፕላን ጣቢያ አቅፈሽ ተቀበያት፤ ስለ እኔ ምንም አትጠይቂያት። መኪና ውስጥ ስትገቡም፣ እታለም፣ ራዲዮውን አጥፊው።

ለሴሚሲ ከእግሩ ዝቅ ብዬ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ለታሊያ፣ አጎትሽ በትምህርትሽ በርቺ ይላል በያት፤ ፔኒን ጉንጩን ሳሚልኝ። አማችሽን እማማ ፒሊታን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በያቸው። አብረውሽ ለሚሠሩትም፣ ስማቸውን ባላውቅም፣ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ሜሪታ ኮኮ ጠቅልላ ለፋአሜሌ ሰጥታለች፤ ልጆቹ አክስታችን መቼ ነው የምትመጣው እያሉ ይጠይቃሉ። ታኒዬሉም ሰላም ብሎሻል። እማዬ ስጽፍ አይታኝ ለማን እንደሆነ ሳትጠይቅ፣ “ሰላም በላት” ብላ አልፋለች።

የሚያሳፍርሽ ግን የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ፣
ላፋኤሌ

ሳሌሎሎጋ፣ ሳቫይ ደሴት
ዓርብ፣ ኦገስት 17 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.